ለአንዲት ሲስተር ምስጋና፣ ለእናቶችም ጥቆማ

ራስ ምታቱ ሲበዛብኝ የዛሬ ስምንት ወር የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ 145 በ95። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ኪሎዬ 79።

ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝምና ሲስተር ብቻ ልበላቸው። ጡረታ የቀረባቸው ናቸው። "ግፊቱን ሌላ ቀን ደግመን እንለካዋለን። ስትመጪ የድሮ የእርግዝናና የቤተሰብ ዕቅድ ካርዶችሽን ይዘሽልኝ ነይ፣ ልጄ" አሉኝ። የምን ካርድ? ልጆቼ እኮ አንዷ አራተኛ፣ አንዱ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል! ግን ከክትባት ካርዳቸው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ተገኘ።

ሲስተር ቁጥሮቹን አንድ ወረቀት ላይ ደረደሯቸው። የመጀመሪያዋን ልጄን ሳረግዝ 58። ትንሹ ኬጂ ሊገባ ሲል በቤተሰብ ዕቅድ ካርዴ ላይ 65። አሁን 79። እኔ ሁሌ "ወልጄ ነው የወፈርኩት" እያልኩ ገንፎና አጥሚቱን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ለካ ሁለት ወሊድ የጨመረልኝ 7 ኪሎ ነው፤ 14ቱ የመጣው ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የሦስት ወር መርፌውንም ጠየቁኝ፤ አንዳንድ ሴት ላይ ኪሎ ይጨምራል። እኔ ካቆምኩት ቆይቷል።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። "አምስት ሊትር ዘይት በስንት ቀን ታልቃለች?" አራት ነን፣ በሃያ ቀን አልኩ። አሰሉት። ለአንድ ሰው በቀን አራት የሾርባ ማንኪያ ግድም። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው። አፈርኩ። ጾም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦ ሽሮው፣ ሳምቡሳው፣ ድንች ጥብሱ።

ጉዱ ግን የልጆቹ ምሳ ዕቃ ነበር። ማታ ስከፍተው የተረፈውን ፓስታና ዳቦ ቆሜ እጨርሳለሁ፤ ምግብ አይደፋማ! ለእኔ ይሄ መብላት አልነበረም፣ ዕቃ ማጠብ ነበር። ሲስተር ሳቁና "መድፋቱ ካሳዘነሽ ስትቋጥሪ ቀንሺ" አሉኝ። በቃ። ይህን የሚያህል ምክር ቀርቶ አንድ ጥያቄ እንኳ የማቅጠኛ ሻይ ከሸጠችልኝ ሴትዮ አላገኘሁም። ያተረፈችልኝ ተቅማጥ ነው።

ስፖርት ስሩ ሲባል እኔ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ፣ ጂም የምገባበት ጊዜም ብርም የለኝም። እሳቸውም ጂም አላሉኝም። ልጆቹን አድርሼ በታክሲ ከመመለስ በእግሬ እንድመለስ ነው ያሉኝ። 30 ደቂቃ ነው። በአምስት ቀን 150 ደቂቃ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ይህንኑ ነው የሚመክረው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ማኪያቶና ቦምቦሊኖም አብሮ ቀረ። (ቦምቦሊኖው ናፍቆኛል፣ አልዋሽም።)

ዛሬ 73 ነኝ። በፋሲካ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነበር፤ ሲስተር ሳይቆጡ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ግፊቴ 128 በ82 ወርዷል። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት እንሞክር ስላለ ነው እንጂ እናንተ የታዘዘላችሁን እንዳታቆሙ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የየካ እናቶች፣ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ኢንቦክስ ጠይቁኝ። ካርድ ክፍሉ ጋ ሰልፉ ያሰለቻል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። የድሮ ካርዶቻችሁንም ፈልጉ፤ ሳትቀመጡ ነው የሚጠይቋችሁ።