ዲክ ቫን ዳይክ ወይስ አንዲ ግሪፊዝ፦ የቱን ዲቪዲ ልግዛ?

ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው እና ዘ አንዲ ግሪፊዝ ሾው አንድ ቤት ያደጉ ኮሜዲዎች ናቸው። ሁለቱም በ1960ዎቹ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በሲቢኤስ ታዩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የሁለቱም ፕሮዲውሰር ሼልደን ሊዮናርድ፣ የሁለቱም መክፈቻ ሙዚቃ የኧርል ሄገን ነው። ሳቃቸው ግን ለየቅል ነው።

ዲክ ቫን ዳይክ ፈጣን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮብ ፔትሪ (ራሱ ዲክ ቫን ዳይክ) ኒውዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን ኮሜዲ ይጽፋል። የተቀረፀው ተመልካች ፊት ስለሆነ ተዋናዮቹ ሳቁ እስኪበርድ ሲጠብቁ ይታያል። ደግማችሁ ስታዩት የሚያስቁት ጥቃቅን ነገሮቹ ናቸው። ከ2ኛው ምዕራፍ ጀምሮ መክፈቻው ላይ ሮብ በእግር ማሳረፊያው ተደናቅፎ ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ሸወድ አድርጎት ያልፋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ካለፈው በኋላ ይንገዳገዳል። መክፈቻውን አትዝለሉት።

በ1965 በወጣ አንድ ክፍል ሚስቱ ሎራ (ሜሪ ታይለር ሙር) የሮብ አለቃ ራሰ በራ መሆኑን ቴሌቪዥን ላይ ታወጣበታለች። ቢሮው ስትገባ አለቅዬው ዊጎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያወራቸዋል። ተዋናዩ የድራማው ፈጣሪ ካርል ራይነር ራሱ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ ፊቱን እንኳ አያሳይም ነበር። ይህቺን ክፍል ለብቻዋ ቢሸጧትም እገዛታለሁ።

አንዲ ግሪፊዝ ዘገም ይላል። ሜይቤሪ በምትባል የፈጠራ ትንሽ ከተማ ሸሪፉ (የፖሊስ አዛዡ) አንዲ ሽጉጥ አይታጠቅም። ምክትሉ ባርኒ ፋይፍ ይታጠቃል፤ ግን የተፈቀደለት አንድ ጥይት ብቻ ነው፣ እሷም የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ትቀመጣለች። ሰካራሙ ኦቲስ ቁልፉን ከተሰቀለበት አንስቶ ራሱ እስር ቤት ይገባል። ሳቁ ብቻም አይደለም። የሸሪፉ ልጅ ኦፒ በወንጭፍ እናት ወፍ ሲገድል አባቱ አይገርፈውም። መስኮቱን ከፍቶ ጫጩቶቹ ሲጮሁ እንዲሰማ ያደርገዋል።

ሙሉ ስብስቡን ግን አልመክርም። 8 ምዕራፍ፣ 249 ክፍል ነው። ባርኒን የሚጫወተው ዶን ኖትስ ከ5ኛው በኋላ ወጣ፤ ድራማውም ያኔ ወደ ቀለም ተሻገረ። ቀለሙ ሲመጣ ጨዋታው ሄደ። ኖትስ በባርኒ 5 ኤሚ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት) ወስዷል፤ ሁለቱን እንዲያውም ከወጣ በኋላ በእንግድነት ብቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ለየብቻ ግዙ፤ 159 ክፍል ይሆናል። ዲክ ቫን ዳይክ በ5 ምዕራፍ 158 ነው፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ እሱን በሙሉ መውሰድ ያዋጣል።

አንዱን ብቻ ካላችሁኝ ዲክ ቫን ዳይክ። ከልጆች ጋር ለማየት ወይም ፈጣን እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ግን አንዲ ይሻላል።

በጣም ርካሽ ስብስቦችን ተጠንቀቁ። የአንዳንድ ክፍሎች የቅጂ መብት ስላልታደሰ ማንም ያባዛቸዋል፤ ምስሉ የደበዘዘ፣ ሙዚቃው የተቀየረ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ የዚያ ዲቪዲ ሪጅን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚለይ ቁጥር) 1 ነው፣ የኢትዮጵያ 5። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ መኖሩን ሳታረጋግጡ አታስልኩ።