የከሸፉ ገጾቻቸውን ላሳዩኝ የሒሳብ መምህር፦ ምስጋና እና ጥቆማ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይም እንደ እኔ በበጋ እያስተማራችሁ በክረምት መርሃ ግብር በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪያችሁን ለምትከታተሉ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ከአንድ ዓመት በላይ የተሸከምኩትን ጭንቀት ያቀለሉልኝን ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። እኒህ ሰው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ እንደ ልማዴ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዘጠኝ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ሪል አናሊሲስ (የካልኩለስን መሠረቶች በጥብቅ የሚያረጋግጠውን የሒሳብ ዘርፍ) ስጀምር ግን የማውቀው ሒሳብ ባዕድ ሆነብኝ። የለመድኩት ማስላት ነበር፤ እዚህ የሚጠየቀው ማረጋገጥ ነው። አንድ ጥያቄ ፊቴ ዘርግቼ አንዲት መስመር ሳልጽፍ የነጋብኝ ሌሊት ብዙ ነው።

እርዳታ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጃፍ የለም ማለት እችላለሁ። አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ቦታ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ ሌላ ሰው የሠራውን መልስ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ። መልሱ ትክክል ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ግን «ለፈተናው ሸምድጂው» ከማለት ሌላ ምላሽ አላገኘሁም። ሌላ አስጠኚ ጥያቄዬን አንብቦ ሳይጨርስ «ይህማ ግልጽ ነው» ብሎ ሰሌዳውን በኤፕሲሎንና በዴልታ (በትንንሽ ርቀቶች ምልክት) ሞላው፤ ገልብጬ ሳልጨርስም አጠፋው። ሦስተኛው ደግሞ ይህ ያልገባው ሰው ሒሳብ ባያስተምር ይሻላል ሲል በሰው ፊት ተናገረኝ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ እየተመለስኩ አለቀስኩ፤ በተመሳሳይ አነጋገር ዝም ያሰኘኋቸው የራሴ ተማሪዎች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

ጋሼ ጋር የሄድኩት በአንድ ባልደረባዬ ጥቆማ ነበር። ይዤ የሄድኩት ጥያቄ፣ በዝግና ውሱን ኢንተርቫል ላይ ኮንቲኒዩየስ (ሳይቆራረጥ የሚቀጥል) የሆነ ፈንክሽን ሁሉ ዩኒፎርምሊ ኮንቲኒዩየስ መሆኑን፣ ማለትም ለተሰጠ ኤፕሲሎን አንድ ዴልታ ለኢንተርቫሉ ሁሉ እንደሚበቃ፣ አረጋግጡ የሚል ነው። ጋሼ እስክሪብቶ እንኳ አላነሱም። «ልጄ፣ ከተሰጠሽ ነገር አንዱን ቃል አውጪና ምን እንደሚፈርስ እዪ» አሉኝ። «ዝግ» የሚለውን አወጣሁ፤ ከ0 እስከ 1 ካለው ኢንተርቫል ላይ 0ን ትቼ 1/x የሚለውን ፈንክሽን ሞከርኩ። ወደ 0 በቀረብኩ ቁጥር ያው አንድ ዴልታ አልበቃ እያለ ይበልጥ ያነሰ ሲያስፈልግ በገዛ እጄ ጽፌ አየሁ። ያቺ ቃል ለምን እንደተጻፈች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማረጋገጫውን ለመጨረስ ሁለት ቀን ቢፈጅብኝም እያንዳንዷን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ያመጣሁትን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «አላውቀውም፤ አንቺም ሞክሪ፣ እኔም ልሞክር» አሉኝ። አስተማሪ ነኝና ይህችን ቃል በተማሪ ፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ አሥራ አንድ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ዘጠኙ የከሸፉ ሙከራዎች ነበሩ። መፍትሔውን ከማሳየታቸው በፊት እነዚያን ዘጠኝ ገጾች በቅደም ተከተል አስነበቡኝ፤ የትኛው ሐሳብ የት ላይ እንደተሰበረና ከስብራቱ ምን እንዳተረፉ ነገሩኝ። በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የተሳሳተበትን ወረቀት ያሳየኝ መምህር አልነበረም፤ ሁሉም ያሳየኝ የተጠናቀቀውን ብቻ ስለሆነ፣ የሚደናቀፍ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

በዚያው ዕለት ስለ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሪው ዋይልስ አጫወቱኝ። ፈረንሳዊው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1637 ገደማ ያለማረጋገጫ የተወውን የሒሳብ ጥያቄ ሰባት ዓመት ያህል ብቻውን ሲታገለው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 በኬምብሪጅ መፍታቱን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሥራው ሲመረመር ግን ክፍተት ተገኘበት። ክፍተቱን ከቀድሞ ተማሪው ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ የደፈነው በመስከረም 1994 ነው። የማረጋገጫው ዝርዝር ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ለእኔ የበቃኝ፣ የዓለም ዓይን ሁሉ ስህተቱ ላይ ሳለ ከአንድ ዓመት በላይ ጠረጴዛውን አለመልቀቁ ነው።

ዛሬ ጥያቄ ሲጠጥርብኝ መጀመሪያ ትርጓሜዎቹን በራሴ ቃል እጽፋለሁ፣ ትንሽ ምሳሌ እሞክራለሁ፣ ካልሆነም ወረቀቱን ሳልቀድ አሳድረዋለሁ። ኮርሱን አልፌዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም «ይህ ግልጽ ነው» ብዬ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህ።

ስለዚህ አደራ እላለሁ፤ በከፍተኛ ሒሳብ የተጨነቃችሁ ሁሉ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጋሼን አግኟቸው። ክፍያቸው መጠነኛ ነው፣ የሚቀበሉትም በወሩ መጨረሻ ነው። ተሠርቶ ያለቀ መልስ የሚፈልግ ሰው ባይደክም ይሻላል፤ መሥራት የሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ የሞከራችሁበትን ወረቀት፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዘጠኙ ገጾች እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጠዋል።