ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ያየሁት የእርግዝና ክትትል

ነፍሰ ጡር ሆኜ ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ክትትሌን ማቋረጥ አልፈለግኩም። ሁለት ቦታ አየሁ። በግፊት፣ በደም፣ በአልትራሳውንድ ሁለቱም አይታሙም። የለያቸው ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድባቴ ተጋላጭ መሆኔን የሚያዩበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ ፎርሙን የሰጡኝ ኮሪደር ላይ፣ ሰው መሃል ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ጋ ስደርስ አንገቷን ሰገግ አደረገች። በዚህ ሁኔታ ማን እውነቱን ይሞላል? የተቀበለችኝ ልጅም ሳታየው ፋይል ውስጥ ከተተችው። ለይስሙላ ነው።

ሁለተኛው ቦታ አዋላጇ ሲስተር «እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ብላ በሩን ዘጋች። መጠይቁ ያው ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የኤደንብራ የሚባለው የድባቴ መለኪያ። 10 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ፣ ስላለፉት 7 ቀናት ብቻ። ሲዘጋጅ ከወሊድ በኋላ ላሉ እናቶች ቢሆንም ለነፍሰ ጡርም ይሠራል። እሷ ግን ከፎርሙም ወጣ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ በፊት ድባቴ ነበረብሽ? ከቤተሰብሽስ? ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ? ስትወልጂ ማን አለሽ? እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ውጭ አገር ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፤ እሱም ሥራ ላይ ነው የሚውለው። አላቻኮለችኝም።

ከ30 ነጥብ 12 አመጣሁ። «አይዞሽ፣ ታመሻል ማለት አይደለም» አለችኝ። እነሱ ከ10 ጀምሮ ጠጋ ብለው ያያሉ፤ 13ን መነሻ የሚያደርጉም አሉ። ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ግን ከዜሮ የተለየ መልስ ከሰጠሽ ድምሩን አይጠብቁም፣ እዚያው ያናግሩሻል። እኔን ወደ አማካሪ መሩኝ። ተጋላጭ የሆነች ሴት የንግግር ሕክምና በእርግዝናዋ ከጀመረች ድባቴውን ቀድሞ መከላከል ይቻላል። ይህን የነገረኝ ሰው እስከዚያ አልነበረም።

ቅሬታም አለኝ። ወረፋው ያሰለቻል። ውጤቱን በጽሑፍ ለማግኘትም ለምኜ ነው፤ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ቀኑን፣ የመጠይቁን ስምና የተሰጠኝን ምክር አስጨምሬ ወጣሁ። ከወለድኩ በኋላ መጠይቁ ስለሚደገም የውጭዋ ሐኪሜ ከምን እንደተነሳሁ ማየት አለባት። እንደኔ ለእረፍት የምትገቡ ካላችሁ፣ ቀጠሮ ስትይዙ «ለብቻዬ ታናግሩኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።