ኤልኤም 393 ለባትሪ መቁረጫ፣ ክረምቱን ከተጠቀምኩበት በኋላ

ደብረ ማርቆስ ቤት መብራት ሲጠፋ የምንኖረው በአንድ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ነው፣ ሙልጭ ብሎ እንዳያልቅ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚቆርጥ ሰርኪት ሰራሁለት፣ ልቡ ኤልኤም 393 ነው፣ ሁለት ቮልቴጅ አወዳድሮ የትኛው እንደሚበልጥ የሚናገር ቺፕ (ኮምፓራተር)። ግንቦት ላይ ነው የገባው፣ የጮቄ ደመና ፀሐይ ነስቶን ባትሪው በቅጡ በማይሞላበት ሐምሌና ነሐሴ በደንብ ተፈትኗል።

ሰው በ393 ፋንታ እጁ ላይ ያለውን 741 ቺፕ ይሰካና ይማረራል። የጓደኛዬ እንዲህ ነበር፣ ባትሪው እየሞተ ሪሌው (ጭነቱን የሚያበራና የሚቆርጠው በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ) አይለቅም፣ አውትፑቱን በመልቲሜትር ብንለካው ዜሮ መሆን ሲገባው 2 ቮልት ገደማ ላይ ቆሟል፣ እሷ ደሞ ትራንዚስተሩን ለማብራት ትበቃለች። 741 ከ1968 ጀምሮ ያለ፣ ፕላስና ማይነስ ሰፕላይ ላይ የለመደ ኦፕ-አምፕ (ማጉያ ቺፕ) ነው፣ ምን ይፈረድበታል። ሌላው ኦፕ-አምፕ ኤልኤም 358 ግን አውትፑቱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ይሰራል፣ ቀርፋፋ ነው እንጂ፣ ለባትሪ ፍጥነት ምን ያደርጋል።

የ393 እና የ358 እግር አቀማመጥ አንድ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚች ጋ ነው። 358ን ነቅላችሁ 393 ስትሰኩ አውትፑቱ ሁሌ ዜሮ ከሆነ ቺፑ ተቃጥሏል ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ 393 ወደ መሬት መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም፣ ከአውትፑቱ ወደ ፕላስ ፑል-አፕ ሬዚስተር ይፈልጋል። እኔ 4.7 ኪሎ ኦም አድርጌ በ10 ኪሎ ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ አስገብቼዋለሁ፣ ሪሌውን የሚነዳው ትራንዚስተሩ ነው፣ ቺፑ ብቻውን አይችለውም።

ሌላው ጣጣ የሪሌው መንቀጥቀጥ ነው። ቆርጦ ጭነቱ ሲነሳለት ባትሪው ትንሽ ያንሰራራል፣ ያኔ መልሶ ያበራል፣ ወዲያው ይወርድና ይቆርጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ማን ይተኛል። መድኃኒቱ ሂስቴሪሲስ ነው፣ የሚቆርጥበትንና የሚመልስበትን ቮልቴጅ ማራራቅ ማለት ነው። ከባትሪው 39 ኪሎ፣ ወደ መሬት 10 ኪሎ፣ መሀሉ ወደ ፕላስ ኢንፑት፣ ማይነሱ ላይ ለማወዳደሪያ የማይለዋወጥ 2.5 ቮልት የሚሰጥ ቲኤል 431፣ ከዛ ከአውትፑቱ ወደ ፕላስ ኢንፑት 330 ኪሎ። በዚህ ሲሰራ 11.6 አካባቢ ይቆርጥና 12.5 አካባቢ ሳይደርስ አይመልስም። 330ውን ካነሳችሁት የጠቅ ጠቁ ኮንሰርት ይመለሳል።

የማልወድለት፣ ትልቅ እቃ ስራ ሲጀምር ባትሪው ለአፍታ ካጎነበሰ ይቆርጣል፣ መዘግየት የሚባል ነገር አያውቅም። የማትጠቀሙበትን ሁለተኛውን ኮምፓራተር ኢንፑቶች መሬት ላይ እሰሩ፣ ፓወር እግሩ አጠገብም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አትርሱ።

መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል፣ የተበላሸ የድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቲኤል 494 የሚባለውን መቆጣጠሪያ ቺፕ ካያችሁ ብዙ ጊዜ አጠገቡ 393 ወይም 339 አለ፣ 339 ግን አራት ኮምፓራተር ያለው ባለ 14 እግር ስለሆነ በዚህኛው ሶኬት አይገባም።