ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት፦ የታሪክ ሪፖርት፣ ስካነር ወይስ መካኒክ?

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትነሱ ስለ መኪናው እውነቱን የሚነግሯችሁ ሦስት አሉ። በሻንሲ ቁጥር (በመኪናው መለያ ቁጥር) የሚወጣ የታሪክ ሪፖርት፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር፣ እና ሊፍት ላይ ሰቅሎ የሚያይ መካኒክ። አቅሙ ያለው ሦስቱንም ቢያደርግ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን ገንዘብ የሚመድበው ለአንዱ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ በአብዛኛው ለመካኒኩ ክፈሉ። መካኒኩን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ፤ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣላችሁ አይሁን።

ሪፖርቱን ናቅሁት ማለት አይደለም። አንድ መካኒክ ፈጽሞ ሊያውቃቸው የማይችላቸውን ነገሮች ይነግራችኋል። መኪናው ስንት ባለቤት አለፈበት? ኢንሹራንስ “ከጥቅም ውጪ ሆኗል” ብሎ ከፍሎበት ያውቃል? በየጊዜው የተመዘገበው ኪሎ ሜትርስ እየጨመረ ነው የሄደው ወይስ መሃል ላይ ወደ ኋላ ተመልሷል? ጌጁ (ኪሎ ሜትር ቆጣሪው) የተነካ መኪና የሚያዘው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱ ግን ትልቅ ነው። ሪፖርቱ የሚያውቀው ሰው የመዘገበውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ በጓሮ ያስጠገነው ግጭት አይወጣም። መኪናው ከአገር አገር ሲሻገር ደግሞ መዝገቡ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ “ንጹሕ ሪፖርት” ማለት የተመዘገበ ነገር የለም ማለት እንጂ አደጋ አልደረሰበትም ማለት አይደለም። ይህን ወረቀት እያሳየ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አስታውሱት።

ከመክፈላችሁ በፊት በነጻ የሚገኘውን ጨርሱ። አሜሪካ ውስጥ ለተሸጠ መኪና ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ለደኅንነት ጉድለት የጠራው ጥገና) ካለ፣ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በሻንሲ ቁጥሩ ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበ መኪና ከሆነ ደግሞ የዓመታዊ ምርመራው ውጤትና በየጊዜው የተነበበው ርቀት በሰሌዳ ቁጥሩ ይገኛል። ሻንሲ ቁጥሩንም ራሳችሁ አስተያዩት። ከ1981 ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡበትም። በፊት መስታወቱ ሥር ያለው፣ በር ምሰሶው ላይ ያለው እና የባለቤትነት ደብተሩ ላይ ያለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያዩ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ስካነሩ ከሦስቱ በጣም ርካሹ ነው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚሠራው ትንሹም ለዚህ ሥራ ይበቃል። መሰኪያው ብዙውን ጊዜ ከመሪው በታች ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996፣ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የተመዘገቡ የብልሽት ኮዶችን ያወጣላችኋል። ችግሩ ሻጩም ተመሳሳይ ስካነር ሊኖረው መቻሉ ነው። እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ኮዱን አጥፍቶ የዳሽቦርዱን መብራት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ከኮዶቹ ይልቅ የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ የሚያደርጋቸውን ፍተሻዎች ሁኔታ በስካነሩ እዩ። ኮድ ሲጠፋ ፍተሻዎቹ “ዝግጁ አይደለም” ወደሚለው ይመለሳሉ፤ እስኪሞሉ ድረስ መኪናው በተለያየ ሁኔታ መነዳት አለበት። ባትሪ ሲነቀልም እንዲህ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ወዲያው ሌባ አትበሉት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡት። ዝገትን፣ የተጣመመ ሻንሲን፣ የሚንጠባጠብ ዘይትን ግን ስካነር አያይም።

እነዚህን የሚያየው መካኒኩ ነው። ጎበዝ መካኒክ መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጁ ያረጋግጣል። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃልና “ከመምጣታችን በፊት እንዳታስነሳው” ብላችሁ ለሻጩ ንገሩት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ካለ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ውድ ጥገና ነው።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ የጎን ላሜራውን የያዙትን ብሎኖች ያያል። ጠርዛቸው ላይ ቀለሙ ከተላጠ ቁልፍ ገብቶባቸዋል፤ ላሜራው ወርዶ ነበር ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለው ጥርጣሬው በቁጥር ይመጣል። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ80 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) ነው። አንዱ በር 120፣ ሌላው 1000 ካለ በሁለተኛው ቀለም ሥር ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) አለ። ከዚያ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ያወጣዋል። መኪናው ውኃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ፣ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቀረው ክፍል ላይ የጭቃ መስመር ሊገኝ ይችላል። መቀመጫና ምንጣፍ የሚያጥብ ሰው ቀበቶውን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

መካኒክም ድክመት አለው። ስንት ባለቤት እንዳለፈ፣ ዕዳ እንዳለበት፣ ተሰርቆ እንደሆነ አያውቅም። ሞተሩን ካልፈታ ውስጡን በሙሉ አያይም። ሲጨርስ “ደህና ነው” ብሎ እንዳያሰናብታችሁ፤ በቅርቡ የሚያስወጣችሁን ወጪ በዝርዝር ጠይቁት። ያ ዝርዝር ዋጋ ለመደራደር ከሪፖርቱ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ስለዚህ ምርጫው እንደ መኪናው ነው። ዕድሜው ትንሽ ሆኖ ዋጋው ከገበያ በታች ከሆነ ሪፖርቱን አስቀድሙ፤ አዲስ መኪና ሲረክስ ምክንያት አለው። ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ገንዘባችሁን ለመካኒክ አውሉት፤ በዚያ ዕድሜ ወሳኙ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሞተር ዘይት የለም፣ ጭስ የለም፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው ባትሪው ላይ ነው። እዚያ ላይ ያንን ሞዴል የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋችኋል። ባትሪው አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም ስንት በመቶ እንደቀረው ጠይቁ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ስለሚሰጡ፣ ከዚያ ላይ ምን ያህል እንደቀረና ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነ በጽሑፍ አስይዙ።