ከባዱ የቆዳ ስፌት መኪና ደሴ ላይ፦ ከወራት ሥራ በኋላ

«ይህ መኪና ወፍራም ቆዳ ይሰፋል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ይሰፋል። ሦስት ድርብ የበሬ ቆዳ ቢያቀርቡለትም አያጉረመርምም። ደሴ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ፣ ቀበቶና አፎት ለሚሠራ ሰው ግን ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መኪናው በዝግታ መሄድ ይችላል ወይ? መርፌውና ክሩስ ከየት ይገኛል? ሻጮች ስለ ጉልበቱ ብቻ ስለሚያወሩ እኔ ስለ ሌላው ልጻፍ።

መኪናው የጃፓኑ የስፌት መኪና አምራች ጁኪ 441 ብሎ ባወጣው ንድፍ የተሠራ የቻይና ምርት ነው። ንድፉን የሚቀዱ ፋብሪካዎች ብዙ ስለሆኑና መለዋወጫቸውም በአብዛኛው ስለሚገጣጠም የኔኛውን በስም መጥራት ጥቅም የለውም። ሥራው የሚያርፈው በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ወደ 42 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ድቡልቡል ክንድ ላይ ነው፤ ቦርሳም ሆነ የኮርቻ ሽፋን በክንዱ ዙሪያ ይጠመጠማል። ቆዳውን የሚያራምደውም የታችኛው ጥርስ ብቻውን አይደለም። መርፌው እዚያው ቆዳው ውስጥ እንደተተከለ ከውስጠኛው እግርና ከጥርሱ ጋር እንደ ተጠመዱ በሬዎች እኩል ይራመዳል፤ መርፌው ሲነሣ ደግሞ የውጪው እግር ቆዳውን ይዞ ይጠብቃል። በተራው የልብስ መኪና ስሰፋ የላይኛው ድርብ ከታችኛው ወደ ኋላ እየቀረ ጫፉ ላይ ይተርፈኝ ነበር። ያ ችግር እዚህ የለም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። መኪናውን ስረከብ ሰርቮ ሞተሩ (ፍጥነቱ በፔዳል የሚታዘዘው የኤሌክትሪክ ሞተር) በአንድ ቺንጊያ በቀጥታ ከመሽከርከሪያው ጋር ተያይዞ ነበር። እንዲህ ሲሆን ቀስ ብለው ከሄዱ ድርቡ በወፈረበት ቦታ መርፌው ይቆማል፤ ፔዳሉን ጫን ሲሉት ደግሞ ዘልሎ ያልታሰበበት ቦታ ይወጋል። ጨርቅ ላይ ቢሆን ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል፤ ቆዳ ላይ ግን የተበሳ ቀዳዳ እንደተበሳ ይቀራል። መፍትሔው በሞተሩና በመኪናው መካከል የሚገባ የፍጥነት መቀነሻ ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጡ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፑሊዎች። መጠናቸው ሦስት ለአንድ ከሆነ ፍጥነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፣ የመውጊያ ጉልበቱ ደግሞ በዚያው ልክ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ዕቃ ከመኪናው ጋር መምጣት ነበረበት፤ ሻጩ ግን «ለብቻው ይታዘዛል» አለኝ። እዚሁ ደሴ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀረጽኩት። አሁን ስፌት በስፌት እየቆጠርኩ መሄድ እችላለሁ። ያለዚህ መቀነሻ የሚሸጥልዎትን መኪና ዋጋ ሲከራከሩ የቶርኖውን ወጪ ጨምረው ያስቡ።

መርፌ እንደ ልብስ መኪና መርፌ በየሱቁ አይገኝም። ይህ መኪና የሚቀበለው 794 የሚባለውን ረጅምና ወፍራም ዓይነት ነው። 794 የዓይነቱ መጠሪያ ነው፤ የውፍረቱ መጠን በሌላ ቁጥር ይገለጻል፤ 200 የሚል ከተጻፈበት መርፌው ሁለት ሚሊ ሜትር ይወፍራል ማለት ነው። ክሩ በመርፌው ይወሰናል። 138 ቁጥር ክር ለዚህ መኪና ቀጭን ነው፤ 207 ቁጥርን በ180 መርፌ፣ 277ን በ200፣ 346ን በ230 እሰፋለሁ። ለእርካብ ጠፍር 346፣ ለቀበቶ 207 ይበቃኛል። መርፌው ለክሩ ከቀጠነ የላይኛውና የታችኛው ክር የሚቆላለፉበት ቋጠሮ ወደ ቆዳው ውስጥ መግባት አቅቶት ከሥር ይታያል፤ ከወፈረ ደግሞ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይቀራል።

የክሩ ነገር ከዚህም ይብሳል። ጫማ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሰም የተቀባ ክር ለእጅ ሥራ ግሩም ነው፤ እዚህ ካስገቡት ግን ሰሙ የክር መወጠሪያዎቹ መካከል ይጋገርና ውጥረቱን ያበላሻል። የሚያስፈልገው ቃጫው በሙጫ የተያያዘ፣ ወደ ግራ የተፈተለ የናይሎን ክር ነው። ፍትሉ ወደ ቀኝ ከሆነ መኪናው እየሰፋ ይፈታዋል፣ ክሩ ይሸሻል፣ ስፌት ይዘላል። እንዲህ ያለውን ክር ደሴ ላይ ፈልጌ ስላላገኘሁ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አስመጣለሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርሰኛል። አንድ ጥቅል ሲጋመስ ሌላ ማዘዝ ልማዴ ሆኗል።

መኪናውን መልመድ ሲባል አብዛኛው ነገር ክርንና ቆዳን ማስማማት ነው። የላይኛውና የታችኛው ክር የሚቆላለፉት በቆዳው ውፍረት መሐል መሆን አለበት። ቋጠሮው ከላይ ከታየ የላይኛውን ውጥረት ላላ፣ ከታች ከታየ ጠበቅ ማድረግ ነው፤ የቦቢኑን ውጥረት ግን አንዴ ካስተካከልኩት ወዲህ እምብዛም አልነካውም። ስፌት ሲጀመር የሁለቱንም ክሮች ጫፍ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ክሩ ከሥር ይጠላለፋል። ማዕዘን ላይ ሲዞሩ መርፌው እታች በደረሰበት ቅጽበት አይዙሩ፤ ከታች ጥቂት ተነሥቶ መንጠቆው ክሩን ከያዘ በኋላ ነው የሚዞረው። ይህቺን ነገር መመሪያው ላይ አላገኘኋትም። መመሪያው ራሱ ሥዕሉ ካልሆነ ጽሑፉ የሚጠቅም አይደለም። ስፌቱን ለማጥበቅ ወደ ኋላ ሲመለሱም ፔዳሉን ተዉት፤ የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለት ስለሆነ የተሰፋውን ክር ሊቆርጠው ይችላል። እኔ መሽከርከሪያውን በእጄ እያዞርኩ በቀደመው ቀዳዳ አስገባዋለሁ።

ቆዳውም የራሱ ጠባይ አለው። በክሮም የለፋው ለስላሳ ስለሆነ እግሩ ይጫነዋል፤ የእግሩን ጫና ካልቀነሱለት ጥርሱ ከሥር ምልክት ይተዋል። በዕፅዋት የለፋው ጠንካራ ቆዳ ይበልጥ ይስማማዋል፤ ስፌቱ ይሰምጥና ጥርት ብሎ ይታያል። ድርቦቹን በማስቲሽ ካጣበቅኩ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ አልሰፋም፤ እርጥብ ማስቲሽ በመርፌው ላይ እየተጋገረ ክሩን ያስዘልላል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ይዘን የምንወርደው ዕቃ የዚህን መኪና ጥቅምም ጉድለትም አሳይቶኛል። ቀበቶ፣ ልጓምና ዛብ ድሮ በወስፌና በሁለት መርፌ ስንሠራ ከሚፈጀው በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ፣ ስፌቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። የአፋር ደንበኞች የሚያዙት የጊሌ (የአፋር ጩቤ) አፎት ግን ቆልማማ ስለሆነ ጫፉ ላይ ክንዱ ይወፍርበታል፤ ያንን ዛሬም በእጅ እጨርሳለሁ። ኮርቻ በመሥራት ያረጁ ጎረቤታችን አንድ ቀን መጥተው ስፌቱን በጥፍራቸው እየፈተሹ፣ «ወላሂ ያምራል! ግን ልጄ፣ የእርካቡን ጠፍር ለዚህ ብረት አትተውለት» አሉኝ። እውነት አላቸው። የእጅ ስፌት ሁለቱ ክሮች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ስለሚተላለፉ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት ግን አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ ወዲያ ሊላላ ይችላል። «እሺ አባባ» ብዬ የእርካቡ ጠፍር የሚታጠፍበትን ጥግ በመኪና ከሰፋሁ በኋላ በእጅ እደግመዋለሁ። ከበቅሎ ላይ የሚወድቅ ሰው ስለ ስፌቱ እኩልነት አያመሰግነኝም።

መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል እንጂ አይበላሽም፤ የጀመርኩትን መሥመር መሽከርከሪያውን በእጄ አዙሬ እጨርሳለሁ። የሚያሠጋኝ ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርገው መዋዠቅ ነው፤ የሰርቮው መቆጣጠሪያ ሳጥን ኤሌክትሮኒክስ በመሆኑ በስታቢላይዘር ነው የማገናኘው፣ ሲጠፋም ወዲያው እነቅለዋለሁ። ዘይት የስፌት መኪና ነጭ ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ወፍራም ከመሆኑም በላይ ቆዳውን ያቆሽሻል። የመንጠቆው ቤት ውስጥ የሚከማቸውን የቆዳና የክር ብናኝ በየማታው በብሩሽ መጥረግ ግድ ነው።

ቀጭን ዋሌትና የሴት ቦርሳ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን አይግዛ። በቀጭን ቆዳ ላይ ወፍራሙ ክር ቋጠሮውን የሚደብቅበት ቦታ አያገኝም፤ ለዚያ ሥራ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ያለውና እግሩ የሚራመደው መለስተኛ መኪና ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ኮርቻ፣ የፈረስ ዕቃና ወፍራም ቀበቶ የሚሠራ ሰው ግን ሲገዛ በርከት ያሉ የ794 መርፌዎች፣ ተጨማሪ ቦቢኖችና አንድ ትርፍ መንጠቆ አብረው እንዲመጡለት ይዋዋል። ጥርሱን አውጥቶ በቦታው የሚገጠም ከፍ ያለ ጠባብ ሳህንም አለ፤ የታችኛው የቆዳ ፊት ላይ የጥርስ ምልክት እንዳይቀር የሚረዳ ነው። የኔኛው ሳይኖረው ስለመጣ ለቶርኖ ቤቱ ልኩን ሰጥቼ እየጠበቅኩ ነው።