ጂፒኤስ በሰሜን ሸዋ፦ ለጦር የተሠራ ሳተላይት ለማሳ ወሰን ምን ያህል ይታመናል?

በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የእርሻ ይዞታ የሚለካ፣ የመንገድ መስመር የሚያወጣ ወይም የምንጭ ቦታ የሚመዘግብ ባለሙያ ያለ ጂፒኤስ የሚውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ስለ መቀበያ መሣሪያዎቹ ዋጋና ባትሪ ብዙ ይነገራል። እኔ ግን የምገመግመው ከላይ የሚመጣውን አገልግሎትና ሳተላይቶቹን የሚሠራውን ኩባንያ ነው፤ በእጃችን ያለው መሣሪያ መልካም ቢሆንም ሲግናሉ ካልተስተካከለ የሚይዘው ነጥብ አይቃናምና።

ጂፒኤስ የአሜሪካ ጦር ንብረት ነው። ሥራው በአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ወደ ህዋ የወጣ ሲሆን፣ አሁን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የህዋ ኃይል ነው። አዲሶቹን፣ ጂፒኤስ 3 የሚባሉትን ሳተላይቶች የሠራው ሎክሂድ ማርቲን፣ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሰውን ትራይደንት 2 የተባለውን የኑክሌር ሚሳኤልም የሚሠራ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ነው። ሳተላይቶቹም ከአሰሳ ሲግናል ሌላ የኑክሌር ፍንዳታ የሚደርስበትን ቦታ የሚለይ መሣሪያ ተሸክመዋል። የአንድ ገበሬ ማሳ ወሰን የሚመዘገብበት ቁጥር ከእንዲህ ያለ ዕቃ የሚወጣ መሆኑን ማወቅ፣ አገልግሎቱን በሚገባው ሚዛን ለመመዘን ይረዳል።

የአሠራሩ ትክክለኛነት ያለ ማጋነን የሚደነቅ ነው። ሳተላይቶቹ ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ መቀበያው ቢያንስ ከአራቱ የሚደርሰውን ሲግናል ተቀብሎ፣ ሲግናሉ በመንገድ የቆየበትን ጊዜ ወደ ርቀት እየለወጠ ያለንበትን ቦታ ያሰላል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ (አንድ ማይክሮ ሰከንድ) ስህተት 300 ሜትር ያህል ስለሚያሳስት፣ እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶም ሰዓት ይዟል። በፍጥነቱና ከመሬት ስበት በመራቁ ምክንያት የሳተላይቱ ሰዓት ከመሬቱ ሰዓት በቀን በ38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፤ ይህ አስቀድሞ ታስቦ ባይስተካከል ኖሮ ስህተቱ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በደረሰ ነበር።

ወደ አገራችን መልክዓ ምድር ስንመጣ፣ መንዝ ለጂፒኤስ የተመቸ አገር ነው። በጓሳና በመሐል ሜዳ ዙሪያ ያለው ሜዳማ ደጋ ሰማዩን የሚጋርድ ነገር ስለሌለው፣ ደግሞም ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ፣ ሳተላይቶቹ በሰሜንም በደቡብም አቅጣጫ ይታያሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ተራ የእጅ ጂፒኤስ የስህተት ግምቱን ሦስት ሜትር አድርጎ ያሳያል። ለመንገድ ጥናትና ለምንጭ ምዝገባ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለወሰን ግን አይደለም። አንድ አዛውንት ባለይዞታ በወሰን ድንጋያቸው አጠገብ ቆመው ስክሪኑን ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሦስት የሚለው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባባ፣ ነጥቡ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው» ብዬ ስመልስላቸው፣ «ሦስት ሜትርማ የጎረቤቴ ገብስ መሐል ነው!» አሉ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ሦስት የሚለው ቁጥር ራሱም ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ከዚያው ማሳ ጥግ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሥር ስንገባ ወደ ዘጠኝ ከፍ ብሏል።

በገደላማው አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ተራራው የምዕራቡን ሰማይ ይከልላል፤ በጀማ ሸለቆ ውስጥም የሚታየው ሰማይ ጠባብ ነው፤ ሲግናሉም ከገደሉ ፊት እየተመለሰ ርቀቱን ያስረዝማል። በሁለቱም ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ የተያዘ ነጥብ ሊታመን አይገባውም። ይህ ጉድለት የተፈጥሮ እንጂ የሠሪው አይደለም፤ በከፊል የሚቀለውም የሌሎች አገሮችን ሳተላይቶች፣ ማለትም የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የሩሲያውን ግሎናስና የቻይናውን ቤይዱ አብሮ በሚያነብ መቀበያ ነው።

ብዙ ባለሙያ የማያስተውለው ሌላው እንቅፋት አየኖስፌር የተባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር ክፍል ነው። ኢትዮጵያ በመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ፣ ይህ ክፍል በእኛ ላይ ከሌሎች ብዙ አገሮች ይልቅ ይረበሻል፤ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ሲግናሉን ያዘገየዋል፣ ያወዛውዘዋልም። አንድ ሞገድ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ መዘግየቱን በግምት ከማረም ሌላ አማራጭ የለውም። በሁለት ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ግን የሁለቱን ልዩነት ለክቶ አብዛኛውን ስህተት ያስወግዳል። የሎክሂድ ማርቲን ሥራ ለእኛ በቀጥታ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የጂፒኤስ 3 ሳተላይቶች ለሲቪል የተፈቀደውን ኤል 5 የተባለውን ተጨማሪ ሞገድ ያሠራጫሉ። ሞገዱን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የያዙት ቦይንግ የሠራቸው የቀደሙት ሳተላይቶች ቢሆኑም፣ ቁጥሩን ያበዙት አዲሶቹ ናቸው። አዲሶቹ የተነደፉት ለ15 ዓመት አገልግሎት ሲሆን፣ ትክክለኛነታቸው ከቀዳሚዎቹ ሦስት እጥፍ እንደሚሻል ይነገራል። በሥራው ጥራት ኩባንያው ምስጋና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በጊዜ አጠባበቅ ግን ሊመሰገን አይችልም። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ተፈርሞ የመጀመሪያው ሳተላይት በ2014 እንዲመጥቅ ታቅዶ ሳለ፣ የመጠቀው በታኅሣሥ 2018 ነው፤ ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት በሌላ ኩባንያ የተሠራው የአሰሳ መሣሪያ ቢሆንም፣ የጠቅላላው ሥራ ተጠያቂ ዋናው ተቋራጭ ነው። ሬይቲዮን ለተባለው ኩባንያ የተሰጠው የምድር መቆጣጠሪያ ሥርዓት ደግሞ ከዚህም በባሰ ሁኔታ ለዓመታት ተጓቷል፤ በዚህም የተነሳ ሳተላይቶቹ የያዙት አዲስ ችሎታ ሁሉ በጊዜው ሥራ ላይ አልዋለም።

«የሌላ አገር ጦር ቢዘጋብንስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ጥያቄ ነው። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪል የሚለቀቀው ሲግናል ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር እንዲሳሳት ይደረግ ነበር፤ ይህ የቆመው በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጂፒኤስ 3 ይህን የማሳሳት ችሎታ ሳይዝ እንዲሠራ ተወሰነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ አሁንም በጦርነት ቀጠና ውስጥ ሲግናሉን ለሌላው የመከልከል መብቱን እንደያዘ ነው፤ ለራሱ ሠራዊት የተለየ ሲግናልም አለው። በሰው አገር ጦር ፈቃድ የሚገኝ ነገር፣ በነፃ ስለሚሰጥ ብቻ የራሳችን ሊመስለን አይገባም፤ የወሰን ድንጋይን፣ የጎረቤት ምስክርንና የሜትር ልኬትን ትተን የይዞታ ደብተርን በእርሱ ላይ ብቻ ማቆም አደጋ አለው።

መሣሪያ ለሚገዙ ቢሮዎችና ማኅበራት የምመክረው ኤል 5 ሞገድንና የሌሎች አገሮችን ሳተላይቶች የሚያነብ መቀበያ እንዲመርጡ ነው። ለወሰን ሥራ ደግሞ አንዱን መቀበያ በታወቀ ነጥብ ላይ ተክሎ ሌላውን የሚያርመው የሁለት መሣሪያ አሠራር ስህተቱን ወደ ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። በቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች ላይ ነጥብ የሚያሰፍር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የመሣሪያውን ቅንብር ይመልከት። ካርታዎቹ አዲንዳን በተባለው የቦታ ልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው፤ ሁለቱ ሳይጣጣሙ ከቀሩ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ይህም በስክሪኑ ላይ ከሚታየው የሦስት ሜትር ግምት ውስጥ የማይካተት ስህተት ነው።